ምንጣፉን በስቶ የገባው ሣር

በፈረንጆቹ 2018 ሰመር ወንድሜ ሃይስኩል ሲጨርስ እማዬ ሳሎናችንን ሣር ጎዘጎዘችው። ምርቃት ያለ ጉዝጓዝ አይሆንላትም። ችግሩ ያጨደችበት ቦታ ነው። ኮሎምቢያ ሃይትስ ከተማ ካለው አፓርታማችን ጀርባ፣ ሐዲዱ አጠገብ ከነበረችው ቁራጭ መሬት። የእኔ ሣር! ቀደም ሲል አንድ ዘለላ ወስጄ ለባዮሎጂ አስተማሪዬ ሳሳያቸው፣ "ይሄ ማረሻ ያልነካው መሬት ላይ ብቻ የተረፈ ነው። ከተማው ሳይኖር እሱ ነበር። ሥሩ አንቺን ያክላል" ብለውኝ ነበር።

"ሥሩን መች ነካሁብሽ?" አለች እማዬ። "ደግሞ ይበቅላል።"

እንግዶቹ ሄደው ሣሩ ሲጠረግ ፍሬዎቹ ምንጣፉ ላይ ቀሩ። ጫፋቸው መርፌ ነው፣ ጭራቸው እንደ ክር ረጅም። ወንድሜ ውሃ ደፋባቸው። ያኔ ጭራዎቹ መዞር ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ።

"በኢየሱስ ስም!" እማዬ ሶፋ ላይ ወጣች። "ነፍስ አላቸው እንዴ?"

"ሶ ክሪፒ፣ ያስፈራል!" አለ ወንድሜ። "የተመረቅኩት እኔ፣ የሚጨፍረው ሣሩ!"

ሲነጋ መርፌዎቹ ምንጣፉን በስተው ገብተው ነበር።

ሰኞ የቀሰቀሰኝ የቡልዶዘር ድምፅ ነው። በመስኮት ሳይ ቁራጯ መሬት ለፓርኪንግ ተገልብጣለች። ከዚያ ሁሉ ሣር የቀረው ምንጣፋችን ውስጥ ያለው ብቻ ሆነ። እማዬ ደግሞ ሻኮፒ ከተማ ያለ መጋዘን ውስጥ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ ገብታ፣ ምንጣፉን ልትጠርግ ቫኪዩሙን ሰክታለች።

"ማሚ፣ ስቶፕ! ሌላ የለም እኮ! እዪ!"

በመስኮቱ አየች። ቫኪዩሙን ነቀለችና የቅንድብ መንቀያዋን ይዛ መጣች። "አንቺ በዚያ፣ እኔ በዚህ።"

ሁለታችንም ተንበርክከን አንድ በአንድ ለቀምናቸው። በረንዳ ላይ፣ ባልዲ ውስጥ ባለ አፈር ላይ በተንኳቸውና ውሃ ረጨሁባቸው። ማንም ሳይነካቸው ተነሥተው ቆሙ፣ እየዞሩም ወደ አፈሩ ገቡ።

"ማን እየጠራቸው ነው?" አለች እማዬ በሹክሹክታ።

ክረምቱን ሙሉ ባልዲው በረዶ ለብሶ ከረመ። በሚያዝያ እንደ ፀጉር የቀጠነ አረንጓዴ ወጣ፤ ጮኬ ቤቱን ቀሰቀስኩት! እማዬ ግን ከሣሩ ይልቅ ታች ቁራጯ መሬት ላይ የተነጠፈውን አስፋልት ነበር የምታየው።

"እዚያ ሥር የቀሩትስ?" አለችኝ።

እስከ ዛሬ መኪናዋን እዚያ ፓርክ አታደርግም።