መብራት የሚያስተናብረው ጋሽ ፊሽካ

የእህቴ ባል ትራፊክ ፖሊስ ነበር። የሥራ ዘመኑን የጨረሰው በሰፈራችን መስቀለኛ መንገድ መሀል ቆሞ ነው። ፊሽካው ከአፉ፣ ነጭ ጓንቱ ከእጁ ስለማይለይ ሰፈሩ ጋሽ ፊሽካ አለው፤ እውነተኛ ስሙን የምታስታውሰው እህቴ ብቻ ናት፣ እሷም ስትናደድ ነው የምትጠራው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ።

ሲያስተናብር ማየት ነበር! መዳፉን ሲዘረጋ መኪና ብቻ አይደለም የሚቆመው። እግረኛው ይቆማል፣ ውሻው ይቆማል፤ እንዲያውም አንድ ቀን መንገድ ዳር ሲሰዳደቡ የነበሩ ባልና ሚስት ስድባቸውን አቋርጠው ቀጥ ብለው ሲቆሙ አይቻለሁ። ዋሽቼ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ መስቀለኛው ላይ ባለ ሦስት ቀለም መብራት ተከለና ጋሼን በጭብጨባ ጡረታ አወጣው። እሱም ከዚያ ወዲህ መብራት የሚባል ነገር ጠላ። ቤት ውስጥ አምፖል ሲቃጠል እንኳን «የእጁን አገኘ» ይላል።

ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት ይባላል። የጋሼ ልጆች አግብተው ርቀው ስለሚኖሩ እነሱን ማፋታት አልተመቸውም፤ ስለዚህ ፊቱን ወደ ወጥ ቤቱ አዞረ። ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ይታጠብና በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መሀል ይቆማል። እህቴ ትኩስ ሾርባ ይዛ ስትወጣ መዳፉን ይዘረጋባታል፤ ድመቷ እያለፈች ነዋ። የተኮሰችውን ልብስ ተሸክማ ወደ መኝታ ቤት ስትሄድ «ጭነትሽ ከልክ በላይ ነው» ብሎ ያስቆማታል። አንድ ቀን ፊቷ በርበሬ መስሎ ሱቄ ድረስ መጣች። እኔ ጸጉር አስተካካይ ነኝ፣ የሰው ጸጉር በእጄ ነበር።

«ወንድሜ፣ በገዛ ቤቴ ልከሰስ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ትንሽ ቻይው።»

«ስችለው ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን መጸዳጃ ቤት ልገባ ስል ‹ተራሽን ጠብቂ› አለኝ። ውስጥ እኮ ማንም የለም!»

ደንበኛዬ በሳቅ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ጆሮውን ልቆርጠው ነበር። እህቴ ግን አልሳቀችም። ያን ዕለት ኮቱን አልብሳ ከቤት አስወጣችው፤ ለምሳ ካልሆነ እንዳይመለስም ቁርጡን ነገረችው።

ወዴት ይሂድ? ሱቄ እንዳይመጣ እኔ ራሴ ፈራሁ፤ መቀሱን በየት በኩል እንደማስገባ ሊያዘኝ ነው። መንገዱ ላይ እንዳይቆም መብራቱ አለ። የቀረው ፊት ለፊቴ ያለው ቤተ መጻሕፍት ነበር። እድሳቱ አልቆ ገና መከፈቱ ነው።

ስለዚህ እድሳት የሰፈሩን አስተያየት የሰማ እንደ እኔ የለም። ሰው ምላጭ አንገቱ ላይ ተደግኖም አስተያየት ከመስጠት አይመለስም። ድሮ ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ የታሪክ መጻሕፍት መደርደሪያው ሥር ባልዲ ይቀመጥ ነበር፤ ያኔ ጣሪያው ይታደስ ብሎ የጮኸው ሰው አሁን ባልዲው ናፈቀኝ ይላል። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ የግድግዳውን አረንጓዴ አይታ፣ ይህ ቀለም ማንም ያልገዛኝ ገበር ነው አለች። የመስታወቱ በር ከመጥራቱ የተነሳ ግንባሯን አስመትቷት ስለነበር ፍርዷ ትንሽ የቂም ሽታ ነበረው። ቲቸር የምንላቸው ጡረተኛ አስተማሪ ደግሞ ወንበሩ በጣም ይመቻል ብለው ተቆጡ፤ የተመቸው ሰው አያነብም ባይ ናቸው። መስኮቶቹን በመደርደሪያ ስለሸፈኗቸው ክፍሉ በቀትርም ዋሻ ነው። ክፍሉ መግቢያ ላይ ደግሞ ማን እንዳሰበው የማይታወቅ አንድ ደረጃ ሠርተዋል፤ ሰፈሩ በሙሉ በተራ ተደናቅፎበታል። ሰፈሬ ውሃ ቀጠነ ማለት ይወዳል ብዬ እንዳልተወው እኔም ተደናቅፌበታለሁ።

መብራቱ ግን የጉድ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። ከመካከለኛው ጠረጴዛ በላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ ግማሽ እንቁላል የምታክል ነገር ተለጥፋለች፤ ዓይኑ እንላታለን። ሰው ሲንቀሳቀስ ካየች ታበራለች፣ ካላየች ታጠፋለች። አንባቢ ደግሞ ሥራው አለመንቀሳቀስ ነው። መጽሐፉ ደስ ባለው መጠን ፈዞ ይቀራል፣ ልክ ልቡ ሊሰቀል ሲል ድርግም። ለፈተና የሚያጠኑት ተማሪዎች «አንተ አወዛውዝ»፣ «ትናንት እኔ ነበርኩ» እየተባባሉ ሊደባደቡ ደረሱ። ቲቸር በአንድ እጃቸው መጽሐፍ ይዘው በሌላው እንደ አውራ ዶሮ ክንፋቸውን ማርገብገብ ጀመሩ።

ጋሼ ከቤት የተባረረ ዕለት ሱቄ ጭር ብሎ ስለነበር እኔም ጋዜጣ ላነብ ገብቼ ነበር። መጥቶ መካከለኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ግድግዳውን ማየት ያዘ። የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ ድምፀ ቀጭን፣ ሕግ የምትወድ ወጣት ናት። «የማያነብ አይቀመጥም» የሚል ጽሑፍ በገዛ እጇ ለጥፋለች። ቀስ ብላ መጣች።

«አባባ፣ የሚያነቡት ነገር ላምጣልዎት?»

«አያስፈልግም ልጄ፣ ቁጭ ብያለሁ።»

«እሱማ አየሁ። እዚህ ግን ዝም ብሎ ቁጭ ማለት አይቻልም።»

«ሕግ ነው?»

«ሕግ ነው።»

ሕግ ከተባለማ ጋሼ አይከራከርም። ብድግ አለ። ያ መንገድ ሙሉ መኪና ያቆም የነበረ ሰው ከመንገዱም፣ ከቤቱም፣ አሁን ደግሞ ከዚህም ሊወጣ ነው። ኮቱን ሲቆልፍ እሷም ቆማ ስትጠብቀው፣ መብራቱ ጠፋ። እሱ ምን ያውቃል፣ ጨለማ ሲሆን ልማዱ ቀደመውና ክንዱን አንስቶ መዳፉን ዘረጋ። መብራቱ ቦግ አለ።

ጋሼ እጁን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «ታዘዘኝ» አለ በሹክሹክታ።

ጥቂት ቆይቶ ሲጠፋ እንደገና ዘረጋ፣ እንደገና በራ። ተማሪዎቹ ቀና አሉ። አንደኛዋ ኃላፊዋን «በናትሽ ተያቸው፣ እሳቸው ካሉ እኛ እናነባለን» አለች። ኃላፊዋ ወደ ለጠፈችው ጽሑፍ ዞራ ቃል በቃል አነበበችው።

«የማያነብ አይቀመጥም ነው የሚለው» አለች በመጨረሻ። «የሚሠራ አይቀመጥም አይልም።»

እንዲህ ሆኖ መብራት ከሥራ ያስወጣውን ሰው መብራት መልሶ ቀጠረው። በማግስቱ ጓንቱን አድርጎ መጣ። ቀኝ ክንዱ ሲዝል በግራ ይተካል፤ ሰው ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ሲሄድ ያሳልፋል፤ መጽሐፍ ላይ ያዛጋ ካለ በዓይኑ ይገሥጻል። አንድ ቀን ብቻ ፊሽካውን ነፋ፤ ሁለት ሰዎች በአንድ መጽሐፍ ላይ እኩል እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ዘላ መነጽሯን የረገጠችው ያኔ ነው፤ ኃላፊዋም ፊሽካውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ለምሳ ቤት ሲገባ ደክሞት ስለሚመጣ ሾርባው ቢያልፍም ድመቷ ብታልፍም ግድ የለውም። እህቴ ጓንቱን በየማታው እያጠበች ትተኩሳለች። «ከሠርጋችን ወዲህ እንዲህ ያለ ሰላም አላየሁም» አለችኝ።

ብዙም ሳይቆይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የማዘጋጃ ቤት ሰው መጥታ ስለታደሰው ቤተ መጻሕፍት የነዋሪውን አስተያየት ትሰማለች፤ የሚስተካከለው ይስተካከላል ይላል። ሰፈሩ ደስ አለው። ከዚያ አንዱ ደንበኛዬ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ግማሽ ጸጉሩ እንደተቆረጠ፣ ድንገት ዞረ።

«መብራቱን ካስተካከሉት ጋሽ ፊሽካ ምን ሊሆን ነው?»

እውነቱን ነው። ያ ግማሽ እንቁላል ተነቅሎ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ከተተከለ ጋሼ እንደገና የማያነብ ሰው ሊሆን ነው፣ እህቴም ተራዋን ልትጠብቅ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አልንና ወሬው ከወንበር ወደ ወንበር ዞረ፦ ስለ በሩ ተናገሩ፣ ስለ ቀለሙ ተናገሩ፣ ስለ መብራቱ ትንፍሽ እንዳትሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ጋሼ ምክክራችንን አልሰማም። ሥጋቱ ግን ለራሱም አልጠፋውም። የስብሰባው ዕለት ጠዋት እህቴ ጓንቱን ስታቀብለው፣

«አንተ፣ ስለ መብራቱ ቢጠይቁህ አፍህን ዝጋ» አለችው።

«ውሸት አልናገርም።»

«ማን ዋሽ አለህ? ዝም በል።»

«ዝም ማለትማ እችላለሁ» አለ፤ ድምፁ ግን ልክ አልነበረም።

ስብሰባው እዚያው ንባብ ክፍሉ ውስጥ ሆነ። የማዘጋጃ ቤቷ ሴት ደረጃው ላይ ተደናቅፋ ስለገባች አንዱን ችግር ሳንነግራት አወቀችው። በሩ አጠገብ ቆማ «እስቲ በነፃነት ተናገሩ» አለች። ምነው ባላለች! ቀለሙ ተነሳ፣ በሩ ተነሳ፣ ልብስ ሰፊዋ ግንባሯን አሳየች። ቲቸር ወንበሩ እንጨት ይሁን ብለው ንግግር አደረጉ። አንድ ሰውዬ ባልዲው ይመለስ አለ። ሴትዮዋ ከወረቀቷ ቀና ማለት አልቻለችም።

«ስለ መብራቱስ?» አለች በመጨረሻ።

ሁላችንም ዓይናችንን ወለሉ ላይ ተከልን።

«ሌላው ሰፈር ሁሉ ስለዚህ መብራት ነው ያማረረኝ። እናንተን አያስቸግራችሁም?»

«ኧረ ጥሩ መብራት ነው» አለች ኃላፊዋ። ውሸት ስለማትችል ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እንግዲያው በድምፅ እንለየው። ይቀየር የሚል እጁን ያንሳ።»

ማን ያነሳል? እጅ ማንሳት ይቅርና አፍንጫዬን የበላኝን ማከክ ፈራሁ፤ ድምፅ ሰጠ ብትለኝስ? ልብስ ሰፊዋ እጆቿን ተቀምጣባቸዋለች። ጋሼ እንኳን፣ መካከለኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ጓንቱን እንዳደረገ ጉልበቱን ጨብጦ ድርቅ ብሏል። ሁላችንም እንዲህ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ተገትረን ሳለን፣ ያቺ የጣሪያው ዓይን የሚንቀሳቀስ ነገር አጣችና መብራቱ ጠፋ።

ዋሻ። ሴትዮዋ በሩ አጠገብ ወረቀቷን ስታርገበግብ ይሰማል፤ የጣሪያዋ ዓይን ግን እዚያ ድረስ አታይም። «የሚያነሳ የለም?» ትላለች በጨለማ። ጋሼ ምን እያሰበ እንደሆነ ገባኝ። እጁን ካነሳ መብራቱ ይበራል፣ ሲበራ ደግሞ የተነሳው የእሱ እጅ ነው፤ የገዛ እንጀራውን በገዛ እጁ። አጠገቡ የተቀመጠችው እህቴ ኮቱን ይዛዋለች፣ ትንፋሿ ይሰማኛል።

ያኔ ከወደ በሩ ወንበር ተንቋቋ። ቲቸር ናቸው፤ ጨለማ አይወዱም፣ ሊወጡ ነው። ዱላቸው ወለሉን እየነካ፣ ቀጥታ ወደዚያ የተረገመ ደረጃ ይሄዳል።

«ቁም!» አለ ጋሼ፤ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳና መዳፉን ዘረጋ።

መብራቱ ቦግ አለ። ቲቸር አንድ እግራቸው ከደረጃው በላይ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቆመዋል። የማዘጋጃ ቤቷ ሴት ክፍሉን ቃኘች፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ከፍ ያለው አንድ እጅ ብቻ ነው፣ ነጭ ጓንት ያደረገ።

«አንድ» አለችና ጻፈች። «አመሰግናለሁ አባት። አይቀየር የሚልስ?»

ያን ቀን እጅ ሲነሳ ላየ! ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት እጃቸውን አነሱ። ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ተነስታ አነሳች። ቲቸር እግራቸውን ወደ ኋላ መልሰው ዱላቸውን አነሱ። እህቴ ኮቱን ለቀቀችና ባሏ አፍንጫ ሥር እጇን ቀሰረች። ኃላፊዋ ጽሑፏን ከግድግዳ ገንጥላ እሱን አነሳች። ሴትዮዋ መቁጠር ጀምራ ተወችው።

«በአብላጫ ድምፅ መብራቱ እንዳለ ይቀጥላል» አለች። «ደረጃው ግን ይነሳል።»

ጋሼ እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ። ሁላችንንም በየተራ አየን፤ ምክክራችን አሁን ገባው መሰለኝ። ወደ እህቴ ዞረ።

«አንቺም በእኔ ላይ?»

«በአንተ ላይ» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትስቅ ነበር።

ተሸንፎ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አላየሁም። ኮቱን አስተካከለ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ እኩል ወደ በሩ ሲጋፋ አይቶ ሮጦ ደረጃው ላይ ቆመ። በግራው ልብስ ሰፊዋን አሳለፈ፣ ተማሪዎቹን አሳለፈ። የማዘጋጃ ቤቷ ሴት ቸኩላ ስትመጣ ግን መዳፉን ዘረጋባት፤ ቲቸር ገና እግራቸውን እያነሱ ነበር። ያ መብራት መስቀለኛው ላይ ከተተከለ ወዲህ ከማዘጋጃ ቤት ለእሱ የቆመ ሰው አልነበረም። ሴትዮዋ ወረቀቷን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ቲቸር ደረጃውን ወርደው እስኪጨርሱ ድረስ ቆመች። ከዚያ ጋሼ በሌላኛው እጁ እለፊ አላት።