ፈንታሌ ስልክ ውስጥ ሲነድ

ሰመራ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። እናቴ ደግሞ አዋሽ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቁርስ ቤት አላት። ያን ሰሞን በእሷ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ሰንብቷል። ስለዚህ ከእሷ ደጅ የሚታየው ፈንታሌ ተራራ ፈንድቶ አዋሽን ሲያቃጥል የሚያሳይ ቪዲዮ የመጣ ዕለት የሆቴሉ ሠራተኛ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ስልኩ ላይ ተደፋ።

እኔ ሳቅሁ። የአዋሽ መስጊድ ሚናራ ላይ ሚናራ አብቅሏል፤ ባቡሩ ሐዲዱን ትቶ በአስፋልት ይሸሻል።

"ኤአይ የሠራው ነው" አልኳቸው።

"አንቺ ልብሽ ድንጋይ ነው! እናትሽ እየነደደች!" አለችኝ የወጥ ቤቷ አለቃ። እያለቀሰች ለዘመዶቿ ላከችው፤ ዕንባዋን ጠርጋም ላከችው።

እናቴ ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ሁሉን አውቃለሁ የሚለውን ኤአይ ጠየቅሁት። "አዋሽ ሰላም ነው" አለኝ። "ኧረ ተቃጠለ እየተባለ ነው" ስለው፣ "ይቅርታ፣ ልክ ነዎት፣ ተቃጥሏል" ብሎ እርፍ! ለእንዲህ ያለ አጨብጫቢ ነው የእናቴን ነገር አደራ የምሰጠው?

እኔን ያስደነገጠኝ ዳጉ ነው። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ወሬ ይለዋወጣል፤ ያየውን "አየሁ"፣ የሰማውን "ሰማሁ" እያለ ለይቶ ይናገራል። አንዴ የዋሸን ሰው ሁለተኛ የሚሰማው የለም። እኔም ኢንተርኔት ላይ ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ዳጉን አምናለሁ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ከጭነት መኪና ወርደው ከዘበኛችን ጋር ዳጉ ተቀመጡ። ዘበኛው ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

"እህቴ፣ አዋሽ ነዷል። ሽማግሌው በዓይናቸው አይተዋል።"

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ መናኸሪያ ልሮጥ ስል ሽማግሌውን በር ላይ አገኘኋቸው።

"አባባ፣ ሲነድ ያዩት የት ሆነው ነው?"

"አዳይቱ።"

"አዳይቱ የት፣ አዋሽ የት! እንዴት ታየዎት?"

እንደ ሞኝ አዩኝና ከሽርጣቸው እጥፋት ስልክ መዘዙ። ያው ሚናራ፣ ያው ባቡር።

"ይኸው! በዓይኔ አይቻለሁ።"

አልዋሹም። ጉዱም እሱ ነው።

እዚያው እንደቆምኩ እናቴ ደወለች።

"እማ! ስልክሽ ምን ሆኖ ነው?"

"ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳየው ባትሪዬ አለቀ፤ አሁን ገና ቻርጅ አደረግሁት። ያረቢ፣ ተራራው ፈንድቷል! ቤቱን ዘግቼ መናኸሪያ ነኝ፤ ወደ አንቺ ልመጣ ነው።"

"እማ፣ እስኪ ቀና በይና ፈንታሌን እዪው።"

ሰዎቹን "እስኪ ከፊቴ ዞር በሉ" ስትል ተሰማኝ።

"ምን እያደረገ ነው?"

"ምንም። ቆሟል።"

"ጭስ አለው?"

"ወላሂ የለውም።"

"በይ ተመለሺና ቤትሽን ክፈቺ። ለሰፈሩም ያየሽውን ንገሪ።"

"ማን ያምነኛል?" አለች ተቆጥታ። "እኔ ቪዲዮ የለኝ!"