አማቼ ፍሬን የረገጡ ዕለት

አማቼ ያኔ ገና አማቼ አልነበሩም። ፍላቂት አጠገብ ባለች ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ላሊበላ ላለ አንድ ሆቴል እንግዳ የማመላልስ ሾፌር። ልጃቸውን ወድጄ ሽማግሌ ብልክ «ሾፌር ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው፤ እስቲ እናስብበት» ብለው መለሷቸው። ሲያስቡ ሁለት ወር አለፈ።

አንድ ቀን እንግዶች ፍላቂት አድርሼ ባዶዬን ስመለስ፣ ገበያው ዳር ነጭ ጥምጣምና መቋሚያ አየሁ። እሳቸው ናቸው። ላሊበላ ያለች እኅታቸው ታማባቸው ሊጠይቋት መኪና ይጠብቃሉ። ወርጄ መስቀላቸውን ተሳለምኩ፤ በሩን ከፍቼ የፊቱን ወንበር በመዳፌ አራገፍኩላቸው። ጠዋት ስመጣ የፍሬኑ ፔዳል ለስለስ እንዳለብኝ ልብ ብያለሁ። ግን እንዲህ ያለ ዕድል ከየት ይገኛል?

እስከ ጋሸና ደህና ሄድን። ስለ ገብሱ ተጫወትን፣ ስለ ውርጩ ተጫወትን። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው መንገድ ያኔ ጠጠር ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር ፍሬን ብረግጥ እግሬ ሊጥ ውስጥ የገባ ይመስል ሰመጠ። ደጋግሜ ስረግጠው ያዘ።

«እግርህን ምን ነካው?» አሉ።

«ምንም አይደል አባ፤ መንገዱ ነው።»

የሚቀጥለው ኩርባ ላይ ፔዳሉ ወለሉን ነካ። ማርሹን ወደ አንድ አወረድኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ መኪናዋን ወደ ተራራው በኩል አስጠግቼ ከአፈር ክምር ጋር አጋጭቼ አቆምኳት። ቄሱ ሲያማትቡ እኔ መሪውን እንደጨበጥኩ ቀረሁ።

«መንገዱ አይደለም» አልኩ። «ፍሬኑ ነው።»

«ቅድምስ?»

«ቅድምም እሱ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈርቼ።»

«ገደሉን?»

«እርስዎን።»

ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። እየሳቁ መሆኑን ያወቅሁት ከትከሻቸው ነው።

ለጎማዎቹ ድንጋይ ደግፌ ኮፈኑን ከፈትኩ። የፍሬን ዘይቱ ከግማሽ በታች ወርዷል። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ፔዳል ከሰመጠ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዋናው ፓምፕ ነው፤ ዘይቱ ከጎደለ ግን የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ይህን ማንም ሾፌር ያውቃል። መኪናዋ ሥር ገብቼ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ። ሁሉም ደረቅ ናቸው። ስወጣ የማውቀውን ሁሉ ረስቼ፣ ልክ እንደ ትልቅ መካኒክ ልብሴን እያራገፍኩ «ፓምፑ ነው። ወልድያ ካልተሄደ አይሠራም» አልኩ።

ቄሱ መኪናዋን ዞሯት። ከዚያ የኋላውን የግራ ጎማ በመቋሚያቸው ነካ አደረጉት።

«ይች ብቻ ለምን አላባት?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የጎማው የውስጥ ጎን ርሶ አቧራ ተለጥፎበታል። በጣቴ ብነካው ያሟልጫል። አሸተትኩት፤ የፍሬን ዘይት ነው። ጎማውን ፈትቼ የፍሬኑን ክብ ብረት ሳወጣ፣ ከውስጥ ዘይቱን ማገድ ያለባት ትንሽ ላስቲክ ተቀዳ አገኘኋት። ውጪ ውጪውን ስፈልግ ዘይቱ ለካ እዚያ ውስጥ ነው የሚፈሰው። አፈርኩ።

መለዋወጫ አልያዝኩም። ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን ቀጭን ቧንቧ ፈታሁና ጫፉን አጥፌ፣ ዘይት እንዳያልፍ በሁለት ድንጋይ መሃል ቀጠቀጥኩት። ቀስ ከተባለ በሦስት ጎማ ፍሬን ላሊበላ መግባት ይቻላል። የቀረው መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነው። ለዚህ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው ጎማው ጋ ያለችውን ማስተንፈሻ ቡሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል። መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየሁ። ዝር የሚል የለም።

«እኔ እግር የለኝም?» አሉ ቄሱ።

ጫማቸውን አውልቀው መሪው ኋላ ተቀመጡ። እኔ ጎማው ሥር ተጋድሜ «አባ፣ እባክዎን ይርገጡልኝ። አሁን ደግሞ ሳይለቁ እንዲሁ ይያዙልኝ» ማለት ጀመርኩ። ንግግሬን ሳልጨርስ፣ ቡሎኗንም ሳልዘጋ እግራቸውን አነሱ። አየሩ ተመልሶ ገባ።

«ልጄ» አሉ በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ «በእርስዎ እርስዎ ይሄ ሥራ አያልቅም። እንደ በሬ እዘዘኝ።»

«እንዴት አድርጌ አባ?»

«እርገጥ በለኛ።»

ዓይኔን ጨፈንኩና «እርገጥ» አልኩ።

«ረገጥኩ።»

«ያዝ።»

«ይዣለሁ።»

ቡሎኗን ስከፍት አረፋ ያዘለ ዘይት ፊጭ አለ። ዘጋሁ።

«ልቀቅ።»

«ለቀቅሁ።»

ልጅዎን ስጡኝ ብዬ ሽማግሌ የላክሁባቸውን ሰው «አንተ» እያልኩ ሦስቱንም ጎማ አዳረስኩ። በየመሃሉ ከያዝኳት ግማሽ ጠርሙስ ዘይት እየተነሣሁ እጨምራለሁ። እሳቸው እንደሆኑ አንዴ ከገባቸው በኋላ አልተሳሳቱም፤ ማሕሌት የለመደ እግር መቼ መነሣት እንዳለበት ያውቃል። በመጨረሻ አረፋው ጠፍቶ ዘይቱ ብቻውን መውረድ ጀመረ።

«ደነደነብኝ» አሉ። «አልወርድም አለ።»

ከዚያ በፊት እንዲህ ደስ ያለኝ ወሬ ሰምቼ አላውቅም። ጎማውን መልሼ አስሬ፣ ከኩርባው አጠገብ ባለች ደልዳላ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ ነድቼ ሞከርኩት። ወደ ቀኝ ትንሽ ይጎትታል፣ ግን ይይዛል። በአንድና በሁለት ማርሽ ብቻ እየተንፏቀቅን ፀሐይ ሳትጠልቅ ላሊበላ ገባን።

እኅታቸው ደጃፉ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ቄሱ «እንዴት ዋልሽ፣ እንዴት ሰነበትሽ» ሳይሉ «ዛሬ መኪና ሠራሁ» አሏት። እሷም እኔን አይታ «እውነት ነው?» አለች። «አዎ፤ እኔ ተላላኪ ነበርኩ» አልኩ። ሽሮ ቀርቦልን አብረን በላን። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹን ደግሜ ብልክ ያለ ብዙ ክርክር እሺ ተብለው ተመለሱ።

አዲስ ላስቲክና ቀጭን ቧንቧ ከወልድያ በአውቶቡስ ተልኮልኝ በአራተኛው ቀን ቀየርኳቸው። አየሩን ሳስወጣ ፔዳሉን የረገጠልኝ የሆቴሉ ጥበቃ ነው። ያዝ ስለው ይለቃል፣ ልቀቅ ስለው ይይዛል፤ ግማሽ ቀን ፈጀን።