አራት የመሠረት ድንጋይ የበቀለበት እርሻ

ክንዱ ወልደኢየሱስ ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለች በቆርቆሮ በተከደነች ሥራ ቤቱ ሁለት ዓይነት ድንጋይ ይቀርጻል፤ የሙትና የሹም። ቢጠይቁት የሙቱን ይመርጣል። «ሙት አይሻርም» ይላል። ስሙንና ቀኑን አንዴ ከቀረጹለት አለቀ፤ ወደ ሌላ ዞን አይዛወር፣ ለግምገማ ተጠርቶ አይቀር። የሹሙ ግን ጣጣው ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ለድልድይ ምርቃት ሦስት ቀን ሙሉ የለፋበት ስም፣ ባለቤቱ በዋዜማው ከወንበሩ ተነሣና እብነ በረዱ እንዳለ ማድ ቤት ገባ። ሚስቱ እናኑ እስከ ዛሬ ሽንኩርት የምትከትፈው «ክቡር» በሚለው ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘዴ አበጀ። የሥራውን ስምና ቀኑን በትልቁ ድንጋይ ላይ ይቀርጻል፤ የሹሙን ስም ግን ለብቻው በቀጭን ሰሌዳ ቀርጾ፣ አራት ቦታ በስቶ፣ በብሎን ያስረዋል። ሹም ሲለወጥ ካቻቢቴ ይዞ መሄድ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ብልሃት ግን ከሚስቱ ምላስ አላዳነውም። እናኑ ኮላ ድባ ዳር ከአባቷ የወረሰችው ሁለት ጥማድ ዋልካ መሬት አላት። የዚያ መሬት ነጭ ሽንኩርት ገበያ ሲወጣ ሽታው ከባለቤቱ ቀድሞ ይደርሳል ይባል ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ነጭ ሽንኩርት አድርቆ የሚፈጭ ፋብሪካ ይተከልበታል ተብሎ ተወሰደ። ለእሷም ከአካባቢው ገበሬ እየሰበሰበች ለፋብሪካው የማቅረብ ሥራ ተስፋ ተሰጣት። የመሠረት ድንጋዩን የቀረጸው ማን ነው? ክንዱ።

ፋብሪካውን እሠራለሁ ያለው ባለሀብት አቶ አንዱዓለም ይባላል። ስለ ሽንኩርት የሚያውቀው ወጥ ውስጥ እንደሚገባ ነው፤ ሀብቱ ሌላ ነበር። ለመጀመሪያው ሹም በሠርጉ ሚዜ ነበረ። ያ ሹም ሲዛወር ለሁለተኛው ልጅ ክርስትና አባት ሆነ። ከሦስተኛው ጋር አንድ የጽዋ ማኅበር ገባ። ከአራተኛው ጋር በምን እንደተዛመደ ክንዱ አላጣራም፤ ድንጋዩ ግን ታዘዘ። መቼም አዲስ ሹም በአሮጌ ድንጋይ ላይ ተስፋ አይሰጥም። ስለዚህ «ፋብሪካ» የነበረው «አግሮ ኢንዱስትሪ» ሆነ፣ ቀጥሎ «የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ»፣ ቀጥሎም «ሁለገብ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ማዕከል»። በየድንጋዩ ፎቶ ይነሣል፤ በፎቶው ከባንክ ብድር ይለቀቃል። እርሻው ላይ ስሙ ፎቅ ሲጨምር፣ ጎንደር ከተማ ላይ የአቶ አንዱዓለም ሆቴል በብሎኬት ይጨምር ነበር።

«አንተ ሰው፣ መሬቴን በመሮ ቀርጸህ አስወሰድኸው» ትለዋለች እናኑ፣ መክተፊያውን እየደበደበች።

«እኔ ፊደል ነው የቀረጽሁ።»

«ምነው ታዲያ አንዱ ፊደል እንኳ ሽንኩርት ሆኖ አልበቀለ?»

አንድ ቀን እናኑ ከገበያ የሰማችውን ይዛ መጣች። ለኢንቨስትመንት ተወስዶ ከጊዜ ገደቡ በላይ ጾሙን ያደረ መሬት ለባለይዞታው ይመለሳል የሚል ደንብ አለ። ባልና ሚስት ወደ መሬት ቢሮ ሄዱ። የፋይል ሠራተኛዋ የትነበርሽ መዝገቡን ገልጣ ራሷን ነቀነቀች።

«አያ ክንዱ፣ ይህ ፕሮጀክት እኮ ገና ስምንት ወሩ ነው።»

«ስድስት ዓመቱ ነው፣ እቱ።»

«በዚህ ስም ስምንት ወሩ ነው። በአሮጌዎቹ ስሞች የተከፈተው ፋይል ቢሮ ሲቀየር ጠፍቷል። መሬቱ ቦዝኖ መክረሙን የሚያሳይ፣ ቀን ያለው፣ የተጻፈ ማስረጃ አምጡ።»

እናኑ ባሏን አየችው። ክንዱም ጣራውን አየ። «የተጻፈስ ሞልቶ» አለ።

በገበያው ቀን አራቱን እብነ በረድ ከየመቆሚያቸው ነቅሎ በአህያ ጋሪ ጫነ። ባለጋሪው ድንጋዮቹን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር። የማን ነው?»

«የፋብሪካ» አለ ክንዱ።

ድንጋዮቹ በባለጉዳይ ተከበው ገብተው በፋይል መደርደሪያው ሥር በተርታ ተደገፉ። የትነበርሽ ጎንበስ ብላ ቀኖቹን አንድ በአንድ አነበበች።

«ማኅተም የላቸውም» አለች።

«አርማው አለ፤ እይው። ዙሪያውን ለማስተካከል ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።»

«ፊርማስ?»

«ሹሞቹ መጋረጃውን በእጃቸው ገልጠው የለ? በቴሌቪዥን ታይቷል።»

«እሺ፣ ፋይል ውስጥ ለማስገባት እኮ ወረቀት መበሳት አለበት።»

«አራት ቦታ ተበስቷል፤ ከፈለግሽ ብሎንም አለው።»

ባለጉዳዩ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁን ሰምቶ የቢሮው ኃላፊ ብቅ አለ። ድንጋዮቹን አየ፣ ሕዝቡን አየ፤ ከዚያ በልቡ አቶ አንዱዓለምን አየ። ማስረጃውን እንዳይጥል ሰው ያያል፤ መሬቱን እንዳይመልስ አቶ አንዱዓለም ይቀየማል። ወንበሩ ላይ ለመቆየት ሲል መሐሉን ጻፈ፦ «ፕሮጀክቱ ሥራ እስኪጀምር ድረስ በጊዜያዊነት ይታረስ። ድንጋዮቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱ።»

«ሥራ እስኪጀምር?» አለች እናኑ ውጭ ወጥተው። «እንዲያማ ከሆነ የልጅ ልጆቼም ያርሱታል።»

ክንዱ ግን አልሳቀም። ጊዜያዊ የሚባል ነገር በአንድ ስልክ እንደሚያልቅ ያውቃል።

የእናኑ ወንድም አረሰ፤ በሬዎቹ አራቱን መቆሚያ መዞር ለመዱ። ጥር ላይ ማሳው ለምለም ሆነ። በዚያው ሰሞን አምስተኛ ሹም ተሾሙ፤ ፕሮጀክቶችን በአካል እንደሚጎበኙም አስታወቁ። አቶ አንዱዓለም በሦስተኛው ቀን ቀሐ ደረሰ፤ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ጠራ።

«ክንዱ! ድንጋይ፤ ለሐሙስ።»

«ለአምስተኛ መሠረት?»

«የምን መሠረት! የምርቃት ነው። ምዕራፍ አንድ ይመረቃል።»

«ምዕራፍ አንዱ ምንድን ነው፣ ጌታው?»

አቶ አንዱዓለም የመኪናውን መሪ አሻሸ። «ሽንኩርቱ» አለ።

ክንዱ ነገሩን አሰላ። ሽንኩርቱ የፕሮጀክቱ ነው ተብሎ ከተመረቀ፣ ሥራ ተጀመረ ማለት ነው፤ ሥራ ከተጀመረ የእናኑ ፈቃድ ያበቃል። እንቢ ቢል ደግሞ አዘዞ ላይ ሌላ ቀራጭ አለ።

«ጽሑፉን ማን ይሰጠኛል?»

«አንተ ታውቀው የለ! እንደተለመደው!» አለና መኪናውን አስነሣ።

ያን ማታ እናኑ ትእዛዙን ስትሰማ ራቱን አቅርባለት ጀርባዋን ሰጠችው። «ካሁን ወዲያ መሮህን ብላ» አለች። በማግስቱ ግን ነገሩ አላስችል ብሏት ሥራ ቤቱ ድረስ መጣች። ድንጋዩ ላይ ጎንበስ ብላ በአመልካች ጣቷ አነበበች፦

«ይህ በባለይዞታዋ በወይዘሮ እናኑ ዳኛው በገዛ መሬታቸው የለማው የነጭ ሽንኩርት ማሳ ዛሬ ተመረቀ።»

ከሥሩ ለሹሙ ስም አራት ቀዳዳ ተበስቷል። እናኑ ቀና ብላ ወጣች፤ ተመልሳ ስትመጣ ግን አንድ ጣሳ ጠላ ይዛ ነበር።

ክንዱ ድንጋዩን «ከአቧራ ይጠበቅ» ብሎ ገና ከሥራ ቤቱ ሳይወጣ በመጋረጃው ሸፈነው። ሐሙስ ጠዋት አቶ አንዱዓለም ማሳው ላይ ሲደርስ መጋረጃውን ሊነካ እጁን ዘረጋ።

«ጌታው፣ ክቡርነታቸውን ሊቀድሟቸው ነው?» አለ ክንዱ።

እጁ ተመለሰ።

ሹሙ መጋረጃውን ገለጡ፤ ካሜራው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «በገዛ መሬታቸው» የሚለው ላይ ሲደርሱ የአቶ አንዱዓለም ፊት ነጭ ሽንኩርት መሰለ። ሹሙ ግን ደስ አላቸው። «የምንፈልገው ይህን ነው! ሞዴል አርሶ አደር! የታሉ ወይዘሮ እናኑ?» እናኑ በአዲስ ቀሚሷ ቀረበች፤ ጨበጧት፣ ፎቶ ተነሣ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ አቶ አንዱዓለምም ከሁሉ ዘግይቶ፣ ከሁሉ አስበልጦ አጨበጨበ። ከቢሮው የመጣችው የትነበርሽ ድንጋዩን በስልኳ አንሥታ፣ «ይኸኛው ማኅተም አያስፈልገውም» አለች። በሳምንቱ «በጊዜያዊነት» የሚለው ቃል ከፋይሉ ወጣ። ኃላፊው ሹሙ ያነበቡትን አላየሁም ሊል አይችልማ!

ሰኔ ላይ ሹሙ ተዛወሩ። ክንዱ እንደ ሥራ ደንቡ ካቻቢቴውን ይዞ ወርዶ አራቱን ብሎን ፈታ። እናኑ ማሳው ዳር ቆማ ታየዋለች።

«የእኔን ስምስ መቼ ትፈታው ይሆን?»

«ያንቺ ብሎን የለውም» አለ ክንዱ፣ ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ እየተነሣ። «ይህን የት ላድርገው?»

«ቤት ውሰደው» አለች እናኑ። «የመክተፊያው ‹ክቡር› ተልጦ አልቋል።»