ያልተለፋበት የሚመስል ልብስ

«ፈረንሳዊት ሴት የምትለብሰው ያልተለፋበት የሚመስል ልብስ ነው» አለን ሱፐርቫይዘራችን። ሠላሳ ስምንት ሴቶች በየስፌት ማሽናችን አጠገብ ቆመን እናዳምጠዋለን፤ የደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ጣታችንን አደንዝዞታል። ፋብሪካችን ከአንድ የፈረንሳይ ብራንድ ትእዛዝ ለማግኘት እየሞከረ ስለነበር፣ ስለ ገዢዎቹ ጠባይ ትምህርት ቢጤ ይሰጠን ጀምሯል። ልብሳቸው ጥቂት ነው አለ፤ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ባለ መስመር ሹራብ፣ ሰውነት ላይ የማይጣበቅ ሱሪ። ጥልፍ የለ፣ ብልጭልጭ የለ። «ለሸሚዙ የታወቀ ብራንድ አላቸው፣ ለካፖርቱ ሌላ፣ ለሹራቡ ሌላ። ዋናው ግን፣ ያገኘችውን አንሥታ የወጣች መምሰል አለባት።»

ከጎኔ የምትሰፋው ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እኔም እኮ ያገኘሁትን አንሥቼ ነው የወጣሁት፤ ምነው ታዲያ ፈረንሳይ አልመሰልኩ?» አለችኝ። ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነከስኩ።

እሷ በየቀኑ ከጫጫ በሚኒባስ ትመላለስ ነበር። አባቷ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ መርፌያቸው የሚገዛው ከእሷ ደመወዝ ነው። ትእዛዝ እየቀነሰ ሁለት የስፌት መስመር ተዘግቶ የቀረነው እኛ ነበርን፤ ይህ የፈረንሳዮቹ ሥራ ካልመጣ የእኛም እንደሚዘጋ በግልጽ ተነግሮናል። ስለዚህ የሠላሳ ስምንታችን እንጀራ ያለው በዚያ ካፖርት ላይ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷ ግን ከሁላችንም አብልጣ ታውቃለች።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ የማልለቅ ሰው ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጥበት ተራ እየሄድኩ ቦንዳ ሲፈታ ጠብቄ እመርጥ ጀመር። የብራንዶቹን ስም በትክክል ማንበብ ባልችልም የፊደሎቻቸውን ቅርጽ ለየሁ። በኋላማ ማንበብም አላስፈለገኝም፤ የእጅጌውን ውስጥ ገልብጬ ስፌቱን ሳይ የማን ሥራ እንደሆነ እገምታለሁ። አንዱ ብራንድ ኪሱን ሁለት ጊዜ ይሰፋዋል፤ አንዱ አዝራሩን በአራት ክር ያስረዋል። በአንድ ክረምት ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት፣ ግራጫ ሹራብና ጥቁር ሱሪ አገኘሁ። በመስታወት ራሴን ሳይ ያልተለፋብኝ መሰልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

በዚያው ልብስ እናቴን ልጠይቅ አንኮበር ወጣሁ። ከበሩ ሳልደርስ እናቴ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ውይ ልጄ! ማን ሞቶብሽ ነው?» ብላ ጮኸች። ጎረቤት ሰምቶ መጣ። ማንም እንዳልሞተ እስካስረዳ ድረስ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በእኛ አገር እንዲህ ጠቁራ፣ ያለ ጥለትና ያለ ጌጥ የምትታይ ሴት ሐዘንተኛ ናት፤ ሐዘንተኛ ካልሆነች ደግሞ ራሷን የጣለች ናት። እናቴ ሦስቱንም ቀን «እባክሽ በቁሜ ከል አትልበሽብኝ» እያለች ለመነችኝ። ፈረንሳይ የሚባል አገር እንዳለ ነገርኳት፤ «እነሱም አንድ ቀን ከሐዘናቸው ይወጣሉ» አለችኝ።

ስለ እናቴ ይህንንም ልንገራችሁ፤ በኋላ የሠራሁትን ስሕተት የሠራሁት ከእሷ ተምሬ ነው። ቤታችን ከቆላው ለሚወጣ መንገደኛ ማረፊያ ነበር። እንግዳ ልብሱ ተቀዶ ከመጣ እናቴ አንዳች ነገር አትለውም፤ መናገር ማሳፈር ነው። እንግዳው ሲበላ ወይም ጋደም ሲል ያወለቀውን በርኖስ ወይም ኮት ቀስ ብላ ታነሣና ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሰፋዋለች። ከዚያ ወደ ነበረበት ትመልሰዋለች። እሱም ለብሶት ይሄዳል፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሰነባበታሉ። «እንግዳ እንደተቀደደ ከደጃችን ከወጣ የተራቆትነው እኛ ነን» ትለኝ ነበር። እኔ መርፌ መያዝ የተማርኩት በዚህ ሥራ ነው።

የፈረንሳዩ ብራንድ ተወካይ በመጨረሻ መጣች። ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፀጉሯ ያልተበጠረ፣ ፊቷ ቅባት እንኳ ያልነካው ሴት። እኔ በእጄ ጥራት ተመርጬ ናሙና ክፍል እንድሠራ ተደርጌ ነበር። ጠዋት ወደዚያ ክፍል ስሄድ ጓደኛዬ ክንዴን ይዛ «አደራ፣ ዛሬ እንዳታሳፍሪን» አለችኝ። እንግዳዋ ወደ ማሽኖቹ ልትገባ ስትል የጎብኚ ነጭ ጋዋን ተሰጣትና ጃኬቷን አውልቃ እኔ ያለሁበት ክፍል ወንበር ላይ አንጠለጠለችው። ከዚያ ከሱፐርቫይዘሩና ከአስተርጓሚው ጋር ሄደች፤ ከጉብኝቱ በኋላ ምሳ ሊወስዷት ነው።

ጃኬቱን አየሁት። ጥቁር ሰማያዊ ጥሩ ሱፍ ነው፤ ግን ጠርዙ አልተቀመቀመም። የእጅጌው አፍ ተተልትሎ ክሩ ተንጠልጥሏል፤ ከታችም ዙሪያውን እንዲሁ ነው። ይህች ሴት ስንት አገር ዞራ፣ ስንት ፋብሪካ አይታ፣ አንድ ሰው እንኳ «እስቲ አምጪው ልቀምቅምልሽ» ሳይላት ደብረ ብርሃን ደረሰች አልኩ። ብርዱ ደግሞ በእጅጌዋ እየገባ ነው የሚሄደው። የልብሷን ምስጢር ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም እኮ! ስንት ወር ስለዚህ ልብስ ተምሬአለሁ፤ ጥቁሩን አውቃለሁ፣ ቀላሉን አውቃለሁ። መተልተሉን ግን ማንም አልነገረኝም።

በስውር ስፌት፣ የእጅጌውን ሁለት አፍና የታችኛውን ዙሪያ፣ ከሱፉ ጋር አንድ ዓይነት በሆነ ክር ቀመቀምኩት። ከዚያ ተኮስኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ መርፌው የት እንደገባ ራሴም ፈልጌ አላገኘሁትም። ወደ ወንበሩ መልሼ፣ እንደ እናቴ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ሥራዬ ላይ አቀረቀርኩ።

ሲመለሱ እንግዳዋ ጃኬቷን ለበሰች። እጅጌዋን አየች። አዙራ አየችው። የሌላኛውንም አየች። ከዚያ አጭር ሳቅ ሳቀችና ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ተናገረች። የሱፐርቫይዘሩ ፊት አመድ መሰለ።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«ተተልትሎ ነበር» አልኩ።

«ይህ እኮ ሊያሠሩን ያሰቡት ናሙና ነው፤ ለብሳው የመጣችው ልታሳየን ነው! እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው!»

«ተተልትሎ?»

«አዎ፣ ተተልትሎ!»

ሴትዮዋ ወደ እኔ መጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። አስተርጓሚው «እጅሽ በጣም ጥሩ ነው ትላለች» አለኝ። ከዚያ ሄዱ። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፤ አሁንም ባሰብኩት ቁጥር ያናድደኛል። ያ ካፖርት፣ ያ ጃኬት በሠላሳ ስምንት ሴት እጅ ያልፋል። አንዷ ኪስ፣ አንዷ አንገት፣ አንዷ አዝራር ቤት፤ ወገባችን እስኪቆረጥ ጎንበስ ብለን እንውላለን። ያን ሁሉ የምንለፋው አንዲት ሴት ያልለፋች እንድትመስል ነው። እኛ ደግሞ የለፋን እንድንመስል ለበዓል ልብስ ዓመት እናጠራቅማለን። ማን ትክክል እንደሆነ አላውቅም፤ መተልተል የሚያምረው ግን ማስቀምቀም ለሚችል ሰው ብቻ መሆኑን አውቃለሁ።

ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ትእዛዙ አልመጣም። አንድ ዓርብ ሱፐርቫይዘሩ ሰብስቦን፣ መስመሩ ከወሩ መጨረሻ በኋላ እንደማይቀጥል ነገረን። ምክንያቱን አልተናገረም። ሴቶቹ ግን ምክንያት አላጡም። ከኋላዬ አንዷ «ጃኬቷን ቀምቅማ እንጀራችንን ቀደደችው» ስትል ሰማሁ። ዞር ብዬ ያየሁት ጓደኛዬን ነው፤ ቢያንስ እሷ ዝም በሉ ትላቸዋለች ብዬ። እሷ ግን መቀሷን ከክሩ ጋር በጨርቅ እየጠቀለለች ነበር። ቀና አላለችም።

በማግስቱ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች። እስከ ወሩ መጨረሻ አብረን አልበላንም። አንድ ቀን ብቻ ሚኒባስ ተራ አጠገብ አገኘኋትና ይቅርታ አልኳት። «አደራ ብዬሽ ነበር» አለችኝ፤ አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ቤሩት ለሰው ቤት ሥራ መሄዷን ከሰው ሰማሁ። ስልኳን ከአንዲት የድሮ ባልደረባችን አገኘሁት፤ የበዓል መልካም ምኞት በላክሁላት ቁጥር ታየዋለች፤ መልስ የለም።

እኔ አንዲት ማሽን ተከራይቼ ገበያው አጠገብ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ጥቁር ሰማያዊ ካፖርቴን ሸጥኩት፤ የገዛችኝ ልጅ ለውበቱ ሳይሆን ለብርዱ ነው የገዛችው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጨርቅ በታጠፈና መርፌ በገባ ቁጥር ያን እጅጌ አየዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይህን በማንም ፊት አልካድኩም፣ በራሴም ፊት።

ባለፈው ጥር የጓደኛዬ አባት አረፉ። ለቅሶ ልደርስ ጫጫ ወረድኩ። እሷ አልመጣችም፤ አሠሪዎቿ እንዳልለቀቋት ቤተሰቦቿ ነገሩኝ። የስኳር መርፌያቸውም በመጨረሻዎቹ ወራት አንዳንዴ ይቋረጥ እንደነበር አንዲት አክስቷ እያለቀሱ አጫወቱኝ። ከድንኳኑ ስወጣ ሱፐርቫይዘራችንን አገኘሁት። ፋብሪካውን ትቶ ጫጫ ላይ የእህል መጋዘን ከፍቷል፤ ጋቢ ለብሶ ሌላ ሰው መስሏል።

ሰላም ከተባባልን በኋላ አላስችል አለኝ። «እኔ ባልቀመቅመው ኖሮ እኚህ ሰው ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር» አልኩት።

በመገረም አየኝ። «ምኑን ባትቀመቅሚው?»

«ጃኬቱን ነዋ።»

«ኧረ ተይ!» አለ። «እሱን እስከ ዛሬ ተሸክመሽው ነው? ሴትዮዋ ከመምጣቷ በፊት እኮ ነገሩ አልቋል። ሥራውን ለሌላ አገር ሰጥተውት ነበር፤ የመጣችው ቀጠሮው አስቀድሞ ስለተያዘ ለወጉ ነው። በደብዳቤያቸው ስለ ጃኬቱ አንድ ቃል የለም።»

«እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር?»

«በዚያው ሳምንት አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። «ምን ልበልሽ። እናንተ እርስ በርሳችሁ ስትናደዱ እኛን ተዋችሁን። አለቆቼም ዝም በል አሉኝ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኩ በሆዴ፤ የለቅሶ ቤት ስለሆነ ድምፄን አላወጣሁትም።

ደብረ ብርሃን እስክደርስ ሚኒባሱ ውስጥ እፎይ ማለት ጠበቅሁ። ሁለት ዓመት የተሸከምኩት ወረደልኝ አይደል? አልመጣም። ጥፋቱ የእኔ በነበረ ጊዜ ቢያንስ በዚያ ቀን እዚያ ነበርን፤ እጃችን አንድ ነገር ማድረግ ይችል ነበር፣ ማዳንም ማጥፋትም። አሁን ለካ ማንም አላየንም። እንደዚያ ያማረ ስፌት ሰፍቼ፣ ለጥፋት እንኳ አልበቃሁም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

ቤቴ ገብቼ ስልኬን አነሣሁና ለጓደኛዬ የድምፅ መልእክት ቀዳሁ። ሱፐርቫይዘሩ ያለውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፤ ጥፋቱ የእኔ እንዳልነበረ፣ ያኔም ነገሩ አልቆ እንደነበር። ከመላኬ በፊት መልሼ ሰማሁት። እሷ ስትሰማው ታየኝ፤ አባቷን ሳትቀብር፣ በሰው ኩሽና ቆማ። ታዲያ በማን ምክንያት ነው የሆነው ብላ ትጠይቀኛለች። ሥራውን ለሌላ የሰጡትን ሰዎች ስማቸውን እንኳ አናውቀውም፤ ፊታቸውን አናውቀውም። የእኔን ፊት ግን ታውቀዋለች። እኔን ስትጠላ የምትይዘው ነገር አላት፤ እሱንም ብቀማት ምን ይቀራታል?

መልእክቱን አጠፋሁት። «እግዚአብሔር ያጥናሽ፤ ነፍሳቸውን ይማር» ብዬ ብቻ ጻፍኩላት። ወዲያው አየችው። አልመለሰችልኝም።