ጨው ያለበት የርግብ ቤት

የትነበርሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ግቢዋ ጭር ቢልባት፣ ከጣሪያዋ ክፈፍ ሥር የርግብ ቤት ሠራች። ሸምበቆ ሰንጥቃ አቆመች፤ በጭቃና በእበት መረገችው። ሸጋ ሆኖ ወጣ። ርግብ ግን አልገባበትም። የሰፈሩ ርግቦች የሚያድሩት ከአጥሩ ማዶ፣ ከአያ ቢያዝን ግቢ ነበር።

ርግብ ጨው እንደሚወድ ታውቃለች። አሞሌ ደቁሳ ከጭቃ ጋር ለወሰችና መግቢያውን ዳግም መረገችው። መጀመሪያ ጥንድ ርግቦች መጥተው ጭቃውን በመንቁራቸው ቆረቆሩ። ክረምቱ ሳይገባ ሁሉም ወደ እሷ ዞረው የአያ ቢያዝን ግቢ ከርግብ ባዶ ቀረ።

በዚያው ሰሞን የአያ ቢያዝን ልጅ ወንዴ ከእንፍራንዝ ሚስት አምጥቶ ነበር፤ ሚስጥር የምትባል፣ ዝምተኛ ልጅ።

«የምራቴ እግር ነው» አሉ አያ ቢያዝን በአጥሩ ላይ ለየትነበርሽ። «እሷ ስትገባ እነሱ ወጡ።»

«ምነው አያ፣ የርግብ ነገር እንዳሻው አይደል?»

«አንቺማ ምን አለብሽ፤ በረከቱ ወዳንቺ ዞሯል።»

የትነበርሽ ሳቀች። ወደ ቤቷም ገባች።

አንድ ቀን ሚስጥር ልብስ እያሰጣች «እትዬ፣ እኔ እኮ እሽ ብዬ እንኳ አባርሬያቸው አላውቅም» አለቻት።

የትነበርሽ የጨውን ነገር ለአያ ቢያዝን እነግራቸዋለሁ ትላለች፤ ደግሞ ርግቦቹ እንቁላል ታቅፈዋል፣ ጫጩቶቹ ይብረሩና ትላለች። እንዲህ እያለች አሳደረችው።

ጫጩቶቹ ሲበሩ ምክንያት አለቀባት። ሄደች።

«አያ ቢያዝን፣ የልጅቱ እግር አይደለም። ጨው ነው። ያደረግሁትም እኔ ነኝ።»

«ለምኝልኝ ብላሽ ነው?»

እጃቸውን ይዛ ወደ ግቢዋ ወስዳ ከክፈፉ ሥር አቆመቻቸው። ከመግቢያው ጭቃ ቆርሳ ሰጠቻቸው። በምላሳቸው ነካ አድርገው ተፉት።

«ልጅቱ ትናንት ወደ እናቷ ሄዳለች» አሉ። «ወንዴም አልከለከላትም።»

«አንቱ ሄደው ያምጧት።»

«በምን አፌ? አንቺ ሂጂ።»

በማግስቱ በሚኒባስ እንፍራንዝ ወረደች። ሚስጥር በእናቷ ደጃፍ ላይ ጤፍ ታበጥር ነበር። የትነበርሽ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቱ ሰፌዱን ሳታስቀምጥ ሰማቻት።

«ርግቦቹ ለምን እንደ መጡ መቼ ነው ያወቁት፣ እትዬ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ልብስ ሳሰጣ የነገርኩዎት ቀንም?»

«አዎ፣ ያን ቀንም።»

ሚስጥር ሰፌዱን ይዛ ገባች፤ በሩንም ዘጋችው። የትነበርሽ አልሄደችም። ነጠላዋን ሰብስባ ከበሩ ሥር፣ ከመሬቱ ላይ ተቀመጠች።