ወፍ አልሆንም

ሽፋን አልነበረውም። የመጨረሻ ገጾቹም ተቀድደው ስለጠፉ የጸሐፊውን ስም ቀርቶ የታሪኩን ፍጻሜ እንኳ እስከ ዛሬ አላውቅም። መጽሐፉን የሰጠኝ ከጎጃም ተመድቦ ሰቆጣ ጤና ጣቢያ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ዕቃውን ጭኖ ካበቃ በኋላ «አንተ ወረቀት አትጥልም፤ እንካ» ብሎ ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

እንግሊዝኛ ያስተማረኝ የለም። ፊደል ከየኔታ ዘንድ ቆጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ ወጣሁ። የቀረውን ተማሪዎች ክፍል ሲያልፉ ከሚተዉልኝ መጻሕፍትና ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ለቀምኩት። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። በአንድ ነጋዴ ቤት በረንዳ ላይ መኪናዬን ዘርግቼ እሰፋለሁ፤ ደንበኛ ሲጠፋ አነባለሁ። ያልገባኝን ቃል ዘልዬ አላልፍም። ስለዚህ ያን መጽሐፍ እስከ ተቀደደበት ድረስ ለመዝለቅ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ፈጀብኝ።

ታሪኩ ስለ አንዲት ከተማ ነው። በዚያች ከተማ ሰው ብቻውን መናገር አይፈቀድለትም። ማንኛውም ቃል ከሦስት ሰው አፍ እኩል መውጣት አለበት። ውሃ የጠማው ሰው አብረውት «ውሃ» የሚሉ ሁለት ሰዎች እስኪያገኝ ይጠብቃል። ሕዝቡ ከመልመዱ የተነሣ እያንዳንዱ ጎረቤቱ ምን ሊል እንደሆነ ከፊቱ እያየ አብሮ አፉን ይከፍታል፤ ነገሩን ማን እንደጀመረው አይታወቅም። አንድ ቀን አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አደባባይ መካከል ቆማ ለብቻዋ «ዳቦው ኮምጥጧል» አለች። ዳቦው ከኮመጠጠ ዓመታት አልፈዋል። ሁሉም እየኮመጠጠው ይበላ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከተማው ልጅቱን ያሳድዳት ጀመር።

ይህን ለተማሪዎቹ የነገርኳቸው ስለጠየቁኝ ነው። የካኪ ዩኒፎርማቸውን የምሰፋው እኔ ስለነበርኩ ከበረንዳዬ አይጠፉም። በዕድሜም እምብዛም አልበልጣቸውም። መጀመሪያ አንዱ «ምን ታነባለህ?» አለኝ፤ ነገርኩት። በማግስቱ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ በረንዳው ይሞላል። ገጹን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላቸዋለሁ። ከመካከላቸው ግማሾቹ አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ስለሆነ፣ አማርኛው ሲርቃቸው በአገውኛ እደግመዋለሁ።

ለምን እንደዚያ እንደወደዱት ብዙ አስቤበታለሁ። ትልልቆቹ «የፈረንጅ መጽሐፍ ልጆቻችንን አለመታዘዝ እያስተማረ ነው» ይሉ ነበር። አልስማማም። አለመታዘዝን ልጅ ከመጽሐፍ አይማርም፤ ሲወለድ ይዞት ይመጣል። እነዚህ ልጆች ግን ሁሉም የሚለካቸው ዕድሜ ላይ ነበሩ። አባት ለእርሻ፣ ቄስ ለድቁና፣ አስተማሪ ለመሥሪያ ቤት ይለካቸዋል። አንተስ ምን ታስባለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በምድር ላይ ስለሌለች ከተማ ሲነገር ግን ሁሉም ሳይፈሩ መናገር ይችላሉ፤ የማንም አባት እዚያ አይኖርማ! እኔም በሥራዬ የማውቀው ነገር አለ። ካኪው አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ዓይነት ትከሻ ግን ለክቼ አላውቅም።

የተቀደደው ገጽ ላይ የደረስን ዕለት ጩኸት ሆነ።

«ከዚያስ?»

«ወረቀቱ እዚህ ላይ ያበቃል» አልኩ።

«በል ራስህ ጨርሰው!»

«የሌለ አላነብም።»

«ሞታለች» አለ ረጅሙ የቄስ ልጅ። ከሁሉም ይልቅ ክርክር የሚወድ እሱ ነበር። «ከመንጋው የወጣች ፍየል የነብር ናት።»

«ፍየልነትህን ለራስህ ያዘው» አለችው የቀጥቃጩ ልጅ። «አልሞተችም። ዳቦ ጋጋሪ ሆናለች።»

በረንዳው በሳቅ ተናወጠ።

«ምን ያስቃችኋል? ኮምጥጧል ያለ ሰው ደህናውን መጋገር አለበት።»

ይህች ልጅ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከደረጃው ላይ፣ ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብላ ነበር። አባቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ብረት ይቀጠቅጣል። የአካባቢው ገበሬ ማረሻውንም ማጭዱንም የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነው፤ ከአጥሩ ግን አያልፍም። ብረቱን ከደጅ ያቀብላል፣ ከደጅ ይቀበላል። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሰው በዓይኑ ይበላል ይባላላ። ልጅቱ ትምህርት ቤት ስትገባ አብሯት አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ እንዳልነበረ ሰምቻለሁ። ምላሷ የተሳለው እዚያ ይመስለኛል።

በዚያው ሰሞን የጭቃ ሹሙ በቅሎ ጠፋች። ጭቃ ሹሙ የመንደራችን ሹም ናቸው። በቅሎዋ ግጦሽ ላይ ውላ ሳትመለስ ቀረች። ፈለግ ተከትለው እዚሁ ቆላችን እስካለው ዝቋላ መንገድ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚያ አውጫጭኝ ታወጀ።

አውጫጭኝን ላላየ ልናገር። የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። የተመረጡ ሽማግሌዎች ምለው ከዛፍ ሥር ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ ሰዉ አንድ በአንድ እየሄደ ያየውንም የጠረጠረውንም በጆሯቸው ያንሾካሹካል። ያንሾካሾከው ሰው ወፍ ይባላል። ወፍ ስም የለውም፤ «አንተ ነህ ያልከው» ብሎ የሚሞግተው የለም። ወፎች የተስማሙበት ሰው ይከፍላል፤ መክፈል ያቃተው አገሩን ለቆ ይሄዳል። ሌባ ካልተገኘ ደግሞ የጠፋውን ሁሉም አዋጥቶ ይከፍላል። ስለዚህ ሰዉ ሌባ እንዲገኝ ይፈልጋል።

ወፏ የት እንደምታርፍ ከወዲሁ የታወቀ ነበር። ቀጥቃጩ ርስት የለውም፤ ቂም የሚይዝለት ወንድም የለውም። ዘመድ የሌለው ሰው ለወፍ ማረፊያ ይመቻል። እሱ ከተጠራ ደግሞ ያቺ ልጅ ከአባቷ ጋር ቆላ ለቆላ ትንከራተታለች እንጂ ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አታይም።

በአውጫጭኙ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በረንዳው ላይ ነበሩ፤ ማንም ግን መጽሐፍ አንብብልን አላለኝም። የቄሱ ልጅ ሊቀልድ ሞከረ፤

«እኛ እንሻላለን እኮ። እዚያ ከተማ ሰው ብቻውን አይናገርም፤ እኛ ዘንድ ነገ ሁሉም ብቻውን ይናገራል።»

«እነሱ ይሻላሉ» አለች ልጅቱ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እነሱ ቢያንስ ፊት ለፊት ይጮኻሉ። ነገ አባቴን የሚበላው ሰው ፊቱን አያሳየውም። ከዚያ እኛን ቡዳ ይሉናል!»

ደብተሮቿን ሰብስባ ተነሥታ ሄደች። ረጅሙ ልጅ ለረጅም ጊዜ የሄደችበትን አቅጣጫ ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ነገ ምን ታደርጋለህ?»

ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር። «ወፍ አልሆንም» አልኩት፤ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ ሞላ። ከተማሪዎቹም ለአቅመ አዳም የደረሱት ሁሉ መጥተው ነበር። ቀጥቃጩ በመካከላችን ተቀምጧል፤ በዙሪያው ግን ሁለት በሬ የሚያስተኛ ባዶ ቦታ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከወይራው ሥር ሆኑ። ሰዉ አንድ በአንድ እየሄደ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ተናግሮ ይመለሳል። ሲመለሱ ወደ ቀጥቃጩ የሚያይ አልነበረም። ማን ምን እንዳለ ያወቅሁት ከዚያ ነው።

ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ፤ ወደ ወይራው ግን አልሄድኩም።

«ሂድ እንጂ!» አለኝ ከኋላዬ ያለው።

«የምለው እዚሁ እላለሁ» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «በቅሎዋን ማን እንደወሰዳት አላየሁም፤ ካየ ሰውም አልሰማሁም። አይቼ ቢሆን ኖሮም የወሰዳት ሰው እየሰማኝ እናገር ነበር።»

«ልብስ ሰፊው ምላስ አወጣ!» አለ አንዱ።

«ምላስ አይደለም፤ መርፌ ውጦ ነው!» አለ ሌላው፤ ሜዳው ሳቀ።

ጭቃ ሹሙ ግን አልሳቁም። «አንተ ልጅ፣ የአባቶችህ ሥርዓት ከዛፉ ሥር ነው።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። እርስዎ የጠየቁኝን ግን መልሻለሁ። ያንኑ በሹክሹክታ ብደግመው የሚጨመርበት የለም።»

«ተቀመጥ! የሚቀጥለው!»

የሚቀጥለው አንድ ያረጀ ገበሬ ነበር፤ ወደ ወይራው ሄደ። ከእሱ በኋላ የተነሣው ረጅሙ የቄስ ልጅ ነው። ባለበት ቆመ። አባቱ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆነው ከወይራው ሥር እያዩት ነበር።

«እኔም እዚሁ እላለሁ። አላየሁም። ያላየሁትን ሰው አልጠራም።»

ከዚያ ሌላው ተማሪ፣ ከዚያ ሌላው። ሁሉም ቃሉን በራሱ መንገድ ተናገረ፤ አንዱ እንዲያውም «በቅሎዋን ባገኛት እኔም እወስዳት ነበር፤ ግን አላገኘኋትም» ሲል አባቱ ከኋላ በዱላ ጎሸመው።

«የመጽሐፍ ነገር ነው!» ብሎ አንድ ሰው ጮኸ። «ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ የሚያነብላቸው ነው ያበላሻቸው!»

የቄሱ ልጅ አባት ከወይራው ሥር ተነሥተው መጡ። «መጽሐፉ ምን ይላል?» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ባጭሩ፣ አንድም ነገር ሳልጨምር። ስለ ዳቦው ስደርስ አንድ ገበሬ «አይ ውሸታም ከተማ!» አለ ድንገት።

ቄሱ ቀረብ አሉኝ። «ሌላ ሃይማኖት ያስተምራል?»

«አያስተምርም አባ።»

«ታዲያ ያየነውን በግልጥ መናገር ኃጢአት የሆነው መቼ ነው?» አሉና ወደ ሰዉ ዞሩ። «ቀጥቃጩን የጠራ ወፍ አለ። እኔ ራሴ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያ ሰው ይነሣና ያየውን እዚሁ ይናገር።»

የተነሣ የለም።

ያን ጊዜ ቀጥቃጩ ቀና አለ። ቀኑን ሙሉ ያናገረው ሰው አልነበረም። «ወፏን አሳዩኝ» አለ። «ማረሻዋን ሠርቼላት እንደሆነ ልወቅ።»

አቀርቅሮ መሬት የሚቧጥጠው ሰው በዛ። ከዚያ በኋላ የተነሡት ገበሬዎችም አንዳንዶቹ ከቆሙበት ተናገሩ፣ አንዳንዶቹ ወደ ወይራው ሄዱ። ሽማግሌዎቹ መስማማት አቃታቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጭቃ ሹሙ ሌባ አልተገኘም አሉ፤ የበቅሎዋ ዋጋ በአገሩ ላይ ተጣለ።

ሰዉ ያን ክፍያ «የመጽሐፍ ግብር» አለው። ለወራት ያልሞገቱኝ ሙግት፣ ያልሰደቡኝ ስድብ አልነበረም። በቅሎዋም አልተገኘችም። የበረንዳው ባለቤት መጥቶ «ወንድሜ፣ ወይ ንባብህን ተው ወይ ቤቴን ልቀቅ፤ እኔ ከሹም ጋር ነገር አልፈልግም» አለኝ። ቤቱ የሱ ነው፤ አልተሟገትኩትም። መኪናዬን አሸክሜ ወጣሁና ከቀጥቃጩ ደጅ አወረድኩት።

ልጅቱ ወጥታ አየችኝ። ካኪዋን ለብሳ ነበር፤ ከትምህርት ቤት መመለሷ ነው።

«አመሰግናለሁ እንድልህ መጥተህ ከሆነ አልልህም» አለችኝ። «ያልሰረቀ ሰው ሌባ ስላልተባለ ምስጋና አለበት?»

«የለበትም። ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጌ ነው።»

አባቷ ሰማንና የጎጆውን ታዛ በመዶሻው አመለከተኝ። «ብልጭታው ጨርቅህን ያቃጥለዋል፤ ራቅ በል» አለኝ። ያ ነበር የኪራይ ውላችን።

ለብዙ ጊዜ የመጣ ደንበኛ የለም። ልብስ ሰፊው ራሱ ቡዳ ሆነ ተባለ። ይባል! ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ግን ካኪ የሚሰፋ ሰው ያስፈልጋል፤ በአካባቢው ካለ እኔ አልነበረም። መጀመሪያ የመጣው ረጅሙ የቄስ ልጅ ነው። ጨርቁን በብብቱ ይዞ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ሜዳ ላይ በአባቱ ፊት የተናገረው ልጅ እዚህ እግሩ ከበደው። ልክ ሊወሰድለት ደግሞ መግባት ነበረበት፤ ሰው በአጥር ላይ አይለካም።

ልጅቱ ከወናፉ ቀና ብላ አየችው።

«ግባ እንጂ፤ ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሥጋ አንበላም።»

ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ሳቁ አሸነፈው፤ ጎንበስ ብሎ በመግቢያው ገባ፣ እጆቹን ዘርግቶ ፊቴ ቆመ። መለኪያዬን ከአንገቴ አወረድኩ። ቀጥቃጩ ቀና ብሎም አላየው፤ ብረቱ እንዳይበርድበት መዶሻውን ቀጠለ።